ባለቤቱ ማን ነው?

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ወደ ዐሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንዲት አሮጊት ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው «ጤና ይስጥልኝ፤ ልጄ» አሉኝ። እኔም ዐይኔን ከኮምፒዩተሩ ሳላነሣ «ይስጥልኝ» ብዬ መለስሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው የጠየቁት ነገር ብዙ አልነበረም፤ አንድ የቈየ መዝገብ ከመደርደሪያ አውጥቶ ማመሳከርና ሁለት ፊርማ ማስፈረም ብቻ ነው። ዳሩ ግን ቀኑ ረዝሞብኝ ነበር፤ የመውጫውም ሰዓት እየቀረበ ሄዷል። ስለዚህ «እማማ፣ ዛሬ መሽቷል፤ ነገ ጠዋት ይምጡ» አልኋቸው።

አሮጊቷ አልተከራከሩኝም። ወረቀቱን መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉና «እሺ ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ በመስኮቱ እያያቸው፣ «እኒህ ሴት እኮ ከሱሉልታ ነው የመጡት፤ በር ላይ ለጥበቃው ሲነግሩት ሰምቻለሁ» አለኝ። እኔ ምንም አልመለስሁም።

ነገሩን እዚህ ላይ ያነሣሁት ራሴን በሕዝብ ፊት ለመውቀስ ብቻ አይደለም። የሚገርመው፣ በዚያው ዕለት ማለዳ ከቤት የወጣሁት የማክሰኞን ውዳሴ ማርያም ደግሜ መሆኑ ነው። አያቴ ባሳደጉኝ ልማድ መሠረት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላም ይህን አላቋረጥሁም። እንግዲህ ማለዳ የጸለየውና በዐሥር ሰዓት ተኩል አሮጊቷን የመለሰው አንድ ሰው ከሆነ፣ በመካከሉ ጸሎቱ የት ገባ? ምናልባት ከመጽሐፉ ጋር አብሬ ራስጌዬ ላይ ትቼው ወጥቼ ይሆን?

ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሥራ የገባ፣ ወይም ገና በትምህርት ላይ ያለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ወይም ዓርብ መስጊድ የሚሄድ፣ በቀሩት ቀናት ግን ፈጣሪውን ለማሰብ ጊዜ ያጣ ወጣት በመካከላችን ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲጠየቅ፣ «ሥራው ቀለል ሲልልኝ»፣ «ፈተናው ሲያልፍልኝ»፣ ወይም «አንድ ቀን ወደ ገዳም ሄጄ ሱባዔ ስይዝ» ይላል። እኔም ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ።

ስሙ ያልተጠራው

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአሮጊቷ ስንብት በጆሮዬ ይመላለስ ጀመር። «እግዜር ይስጥልኝ» ያሉኝ ምን ስላደረግሁላቸው ነው? ቀጥሎም ሲገቡ ያቀረቡልኝ ሰላምታ፣ እኔም ሳላስብ የመለስሁት «ይስጥልኝ» ትዝ አለኝ። ቃሉን ልብ ብዬ ስመረምረው ከዚህ በፊት ያላስተዋልሁትን ነገር አገኘሁበት።

ሰዋስው የተማረ ሁሉ ዐረፍተ ነገር ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ እንዳለው ያውቃል። «አበበ በሶ በላ» ሲባል መምህሩ «ባለቤቱ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ተማሪውም «አበበ» ብሎ ይመልሳል። እስቲ ያንኑ ጥያቄ ለ«ጤና ይስጥልኝ» እናቅርብ። ጤናውን የሚሰጠው ማን ነው? ተናጋሪው አይደለም፤ «ልስጥዎ» አላለምና። ሰሚውም አይደለም። የሚሰጠው ሦስተኛ ወገን ነው፤ ስሙ ግን አልተጠራም። በመጨረሻ ያለችው «ልኝ» የምትባል ቅጥያ ደግሞ «ስለ እኔ፣ በእኔ ፈንታ» ማለት ናት። እንግዲህ ሰላምታው ተፍታቶ ሲነገር፣ «እኔ ልሰጥዎ የማልችለውን ጤና እርሱ ስለ እኔ ይስጥዎ» ማለት ይሆናል።

ነገሩ በዚህ ሰላምታ ብቻ አያበቃም። በበዓል ቀን «እንኳን አደረሰዎ» እንላለን፤ ያደረሰው ማን ነው? ለታመመ «ይማርህ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር»፣ ላዘነ «ያጽናችሁ»፣ ለሽማግሌ «ያኑርልን» እንላለን። በሁሉም ባለቤቱ አንድ ነው፤ በሁሉም ስሙ አልተጠራም። የቀድሞ ሰዎች ስሙን የተዉት ማንም የማይስተው ስለ ሆነ ይመስለኛል። እኛ ግን ከስሙ ጋር ባለቤቱንም ትተን ቃሉን ብቻ ይዘን ቀረን። ሙስሊሙ ወገናችን በበኩሉ ሥራ ሲጀምር «ቢስሚላህ»፣ ሲጨርስ «አልሐምዱ ሊላህ»፣ ለነገ ሲቀጥር «ኢንሻ አላህ» እያለ ባለቤቱን በግልጽ ይጠራል፤ ይሁን እንጂ እርሱም ቃሉን ሳይሰማው ሊናገረው ይችላል።

ባለቤት የሚለው ቃል ከሰዋስው በፊት የቤት ጌታ ማለት ነው። አንድ እንግዳ ከሰው ቤት ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ባለቤቱን ቀና ብሎ ሳያይ ቢወጣ ምን ይባላል? የእኔ ማክሰኞ እንዲሁ ነበረች። ጤና ሲለመንልኝ ዋልሁ፤ የሚለመነውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም።

ከሰባቱ አራቱ

አባቶቻችን ሰው የሚረሳ ፍጥረት መሆኑን ስለሚያውቁ ቀኑን በምልክት ከፋፍለውታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሠለስት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ ይታሰብበታል። 6 ሰዓት ቀትር ነው፤ የጌታ ስቅለት ይታሰብበታል። 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት፣ 11 ሰዓት ደግሞ ወደ መቃብር የወረደበት ነው።

እኔ ይህን ዝርዝር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የመነኮሳት ሥርዐት ነው ብዬ ግን ትቼው ነበር። በዚያ ሰሞን ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የሚጀመረው በ2 ሰዓት ተኩል ነው፤ የሚያበቃውም በ11 ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አራቱ፣ ማለትም 3፣ 6፣ 9 እና 11 ሰዓት፣ ሠራተኛው በጠረጴዛው ላይ ሳለ የሚደርሱ ናቸው! በሙስሊሙም ዘንድ ከአምስቱ ሶላት ዙህርና አስር የሚደርሱት በሥራው ቀን መካከል ነው። ሥርዐቱን የሠሩት ሰዎች ፈጣሪ የሚታሰበው ሥራው ሲያልቅ ነው ብለው አላሰቡም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የመነኮሳት አባት ስለሚባለው ስለ ቅዱስ እንጦንስ የሚነገረውን ማንሣት ተገቢ ነው። በግብፅ በረሃ ሳለ ሐሳቡ ተበታትኖ ልቡ ሲታክት፣ «ምን ላድርግ?» ብሎ ለመነ። ከዚያም ከበኣቱ ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲጐነጉን፣ ደግሞ ሲነሣ አየ። ያም ሰው መልአክ ነበር ይባላል። መልአኩ ለእንጦንስ ረዥም ትምህርት አልሰጠውም፤ ያሳየው መነሣትንና መቀመጥን፣ ገመድንና ጸሎትን ብቻ ነው። ከጸሎት የሚያጐድል ሥራ ቢሆን ኖሮ መልአክ ገመድ ይዞ ባልታየ ነበር።

በወጥ ቤት የተገኘው

አንባቢ ምናልባት «ሰዓቶቹስ ይሁኑ፤ በሰዓቶቹ መካከል ያለው ረዥም ጊዜስ?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን የአንድ ፈረንሳዊ ታሪክ አለ።

ኒኮላ ኤርማን በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በሎሬን አገር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በ18 ዓመቱ በብርድ ወራት ቅጠሉ ሁሉ የረገፈ ዛፍ አየ፤ ጥቂት ቈይቶ እንደሚለመልምና እንደሚያፈራ ባሰበ ጊዜ የእግዚአብሔር ኀይልና ቸርነት ልቡን ነካው። ከዚያ በኋላ የሠላሳ ዓመት ጦርነት በተባለው ጊዜ ወታደር ሆኖ ቈሰለና እግሩ ሸፋፋ ሆነ። ቀጥሎ በአንድ ጌታ ቤት አሽከር ሆነ፤ እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው እጁ የማያምርለት፣ የነካውን ዕቃ ሁሉ የሚሰብር ነበር። በመጨረሻ በ1640 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ማኅበር ገዳም ገባ፤ ስሙም ሎራን ዘትንሣኤ ተባለ።

ምናልባት መጽሐፍ ይጽፍ ወይም ይሰብክ ዘንድ የተሾመ ይመስላችሁ ይሆናል። የተሰጠው ሥራ ግን ወጥ ቤት ነው። ከዚህም የባሰው፣ የወጥ ቤት ሥራ በተፈጥሮው የሚጠላው ሥራ ነበር። በዚያው ወጥ ቤት 15 ዓመት ያህል ሠራ፤ በኋላም የመነኮሳቱን ጫማ እንዲጠግን ተደረገ። ከሞተ በኋላ ዦዜፍ ደ ቦፎር የተባለ ካህን ያሳተማቸው ንግግሮቹና ደብዳቤዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ሎራን ለእግዚአብሔር የሚሆን የተለየ ሥራ አልፈለገም። በእጁ ያለውን ሥራ ለእርሱ ፍቅር ብሎ ይሠራው ነበር፤ በመጥበሻው ላይ ያለችውን ትንሽ እንቍላል ሲገለብጥ እንኳ። በመካከሉም ከአጠገቡ ካለ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ያህል አጭር አጭር ቃል ይናገር ነበር። ለጸሎት የተወሰነው ሰዓትና ድስቱ የሚንጣጣበት፣ ሦስት አራት ሰው ባንድ ጊዜ የሚጠራበት ሰዓት ለእርሱ ልዩነት እስከማይኖራቸው ድረስ ደረሰ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንድትል እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ ነገሩ በአንድ ቀን አልመጣለትም፤ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ብዙ የተቸገረባቸው እንደ ነበሩ ራሱ ጽፏል። ሁለተኛ፣ ረስቶ ሲገኝ በራሱ ላይ አይንገበገብም ነበር። ጥፋቱን ለእግዚአብሔር ይናዘዛል፤ አንተ ካልያዝኸኝ ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ ይላል፤ ከዚያም ሳይጨነቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንዲህ ሲኖር ቈይቶ በ1691 እ.ኤ.አ. ዐረፈ።

ለመሞከር ያህል

በበኩሌ ከዚያ ወዲህ የሞከርሁት ጥቂት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው። ሰው «ጤና ይስጥልኝ» ሲለኝ፣ ከመመለሴ በፊት ዐይኔን አንሥቼ ፊቱን አያለሁ፤ በልቤም «ባለቤቱ ማን ነው?» እላለሁ። ይህ ከሁለት ትንፋሽ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። ሁለተኛው 6 ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት እጄን ከሥራው አንሥቼ፣ ሳልናገር፣ ማንም ሳያውቅ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም እላለሁ። ሦስተኛው የማታ ነው። ከመተኛቴ በፊት የዋልሁበትን ቀን ፊት በፊት እያልሁ አስታውሳለሁ፤ ማንን አይቼ ሳላየው እንዳለፍሁ እጠይቃለሁ። ስልኬንም እስከዚያ ድረስ ከእጄ አርቀዋለሁ፤ ከእርሱ ጋር ይህን ማድረግ ፈጽሞ አልተቻለኝምና።

እነዚህ ነገሮች አዲስ ግኝት አይደሉም፤ በየቤታችን ያሉ ናቸው። አያቴ ሊጥ ሲያቦኩ በጣታቸው የመስቀል ምልክት ሳያደርጉበት አይከድኑትም ነበር። ቡናችን አቦል፣ ቶና ተብሎ በሦስተኛው በረካ ይባላል፤ በረካ ማለት በረከት ነው። በታክሲ ውስጥ ተጨናንቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ፣ ሹፌሩ ሳይቀር ብዙ ሰው አንገቱን ዝቅ ያደርጋል ወይም ያማትባል። ሊጡ፣ ስኒውና ደጁ ሁሉ ማስታወሻ ሆነው ተሰጥተውናል።

«ይህ ሁሉ ልማድ ሆኖ ይቀራል እንጂ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ከላይ የተናገርሁት ሰላምታ ራሱ ልማድ ሆኖ የቀረ ጸሎት ነው። ዳሩ ግን አያቴ ማታ ማታ እሳቱን በዐመድ ዳፍነው ያድሩ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። ጠዋት ለሚያየው ሰው ምድጃው ዐመድ ብቻ ነው። እርሳቸው ግን ዐመዱን ገለጥ አድርገው፣ ፍሙን አግኝተው፣ እፍ ይሉበታል፤ እሳት ልመና ወደ ጎረቤት አይሄዱም። ልማድም እንደዚሁ ነው። በራሱ አያሞቅም፤ ፍሙን ግን ያሳድራል። መግለጥና እፍ ማለት የየማለዳው የእኛ ፋንታ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ እርሱም መንፈሳዊነት ለሥራ ፈትነት መሸፈኛ እንዳይሆን የሚለው ነው። ባለጉዳይ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ ባለሥልጣኑ «ጸሎት ላይ ነኝ» ቢል፣ ያ ጸሎት ማን ዘንድ ይደርሳል? አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሳለ ሦስት እንግዶች ከሩቅ አይቶ ሮጦ ተቀበላቸው፤ እግራቸውንም አሳጠባቸው፤ በኋላ ሲያውቅ የተቀበለው ጌታን ነበር። አብርሃም «ነገ ይምጡ» ብሎ ቢሆን ኖሮስ? እንግዲህ መፈተኛው ቀላል ነው። ልምምዱ ከፊታችን የቆመውን ሰው በይበልጥ እንድናይ ካደረገን ደኅና ነው፤ ከእርሱ ከሸሸግን ግን ሌላ ስም ይፈለግለት። ባልደረባዬ በዚህ በልጦኛል። ሙስሊም ነው፤ ዙህርን በምሳ ሰዓቱ ሰግዶ ይመለሳል፤ የባለጉዳይ መዝገብ ሲከፍት በለሆሳስ «ቢስሚላህ» ይላል፤ ያን ቃል ብሎ የከፈተውን መዝገብ ደግሞ ሳይጨርስ ሲያሳድር አላየሁትም።

አሮጊቷ በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ። ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ስለ ሟች ባለቤታቸው ነበር፤ በመሥሪያ ቤታችን ለብዙ ዓመታት ጥበቃ ሆነው ሠርተው ኖሮ፣ ለጡረታው ጉዳይ የአገልግሎት ማስረጃ ያስፈልጋቸው ነበር። የገባንበትንና የወጣንበትን በር እኒያ ሰው ሲጠብቁት ኖረዋል ማለት ነው። መዝገቡን አውጥቼ፣ አመሳክሬ፣ ሁለቱን ፊርማ አስፈርሜ ስጨርስ ሃያ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ማስረጃውን ሰጥቼ «ይቅር ይበሉኝ፤ ትናንት መጨረስ ይቻል ነበር» አልኋቸው። አሮጊቷም ወረቀቱን እንደ ትናንቱ በላስቲክ ጠቅልለው፣ እንደ ትናንቱ በዚያው ድምፅ፣ «ምንም አይደል ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

በድለናቸው የሰጡን ምርቃትና አገልግለናቸው የሰጡን ምርቃት አንድ ዐይነት ነበር። እርሳቸው በሁለቱም ቀን ባለቤቱን ያውቁታል፤ የረሳሁት እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ወዲህ ተለውጫለሁ ብዬ ባወራ ውሸት ይሆናል። በዚያው ሳምንት ዓርብ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ሳላይ መልሻለሁ። ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ አሁን ስረሳ መርሳቴን ማወቄ ነው፤ ስመለስም የምመለስበትን ቦታ ማወቄ ነው።

ነገ ሰኞ ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል በሮች ይከፈታሉ፤ ተማሪው ከጓደኛው፣ ሠራተኛው ከባለጉዳዩ ጋር ይገናኛል፤ አንድ ሰውም መጥቶ «ጤና ይስጥልኝ» ይላል። አንባቢዬ ሆይ፣ ከመመለስህ በፊት ዐይንህን አንሣና የልጅነት መምህርህ የጠየቁህን ያን ቀላል ጥያቄ በልብህ ጠይቅ።

ጤና ይስጥልኝ።